ከወሎ ሆነው የጠፈር ቴሌስኮፕ መረጃ ሲመረምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ፣ ወልድያ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ የጄምስ ዌብ ጠፈር ቴሌስኮፕን ምስል፣ ቴስ (TESS) የተባለውን ፕላኔት ፈላጊ ቴሌስኮፕ የኮከብ ብርሃን ልኬትና የማርስ መንኮራኩሮችን ፎቶ በነጻ ማውረድ ይቻላል። ለአጥኚዎቹ ብቻ የተያዘ የዌብ መረጃ እንኳ ቢበዛ ከአንድ ዓመት በኋላ ለሁሉም ይከፈታል። ችግሩ የሚጀምረው ፋይሉ ከወረደ በኋላ ነው። ማህደሩ ለጠየቁት ሁሉ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ የሰማዩ ይሁን የመሣሪያው ግን አይነግርዎትም። ከታች ያሉት አብዛኞቹ ስህተቶች መሣሪያው በብርሃኑ ላይ ምን እንዳደረገ ሳይጠይቁ ወደ ውጤት ከመሮጥ የሚመጡ ናቸው።

ሁሉንም ፋይል ማውረድ

የማስት (MAST) ማህደር፣ ማለትም የናሳ የጠፈር ቴሌስኮፖች መረጃ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ ለአንድ የዌብ ምልከታ ብዙ ፋይል ይደረድራል፦ ጥሬውን፣ በከፊል የታረመውን፣ የተለካውንና በመጨረሻ የተገጣጠመውን። ጀማሪ ሁሉንም ምልክት አድርጎ ያወርዳል፤ የሞባይል ጥቅሉ ያልቃል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ግማሹ ፋይል ተበላሽቶ ይቀራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው። ለምስል ሥራ ስሙ በ«አይ2ዲ» (i2d) የሚያልቀው፣ ለስፔክትረም (በሞገድ ርዝመቱ ለተበተነ ብርሃን) በ«ኤክስ1ዲ» (x1d) የሚያልቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃል። የቴስ መረጃ ደግሞ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው፤ 27 ቀን ገደማ የሚቆይ አንድ የምልከታ ዙር በየ2 ደቂቃው ተለክቶ ወደ 19,000 ነጥብ ሲሆን ፋይሉ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው። ከባድ ስሌት ካለ በጎግል ኮላብ (በኢንተርኔት በኩል በጎግል ኮምፒውተር ላይ ኮድ በሚያሠራው አገልግሎት) ላይ ያስኪዱትና ውጤቱን ብቻ ወደ ኮምፒውተርዎ ያምጡ።

ሰዓቱንና ቀኑን በልማድ መጻፍ

እኛ ዘንድ በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። የማስታወሻ ደብተሩ በኢትዮጵያ ሰዓትና ዘመን ይጻፋል፤ የቴሌስኮፑ ፋይል በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ለቀን ሰዓት 3፣ ለሌሊት ሰዓት 15 ይደምሩ (ድምሩ 24 ከደረሰ ወይም ካለፈ 24 ይቀንሱ)፤ የሚመጣው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት 6፡00 ይሆናል፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት 17፡00 ይሆናል።

ወጥመዱ ያለው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ለጥር 5 ቀን 2018 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተመለከቱት ነገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 12 ቀን 2026 ከ23፡00 ነው እንጂ ጃንዋሪ 13 አይደለም። አንድ ቀን ሲዛነፍ በየ3 ቀኑ የምትዞር ፕላኔት ሲሶ ዙሯን ትስታለች። መፍትሔው በዩልዮስ ቀን ቁጥር (ወርና ዓመት ሳይለይ ቀኖችን በተከታታይ በሚቆጥረው የሥነ ፈለክ አቆጣጠር) መሥራት ነው፤ ከላይ ያለው ቅጽበት 2461053.458 ነው።

ይህም አያበቃም። ቴስ ከዚህ ቁጥር 2457000 ቀንሶ፣ ከእሱ በፊት የነበረው ፕላኔት ፈላጊ ቴሌስኮፕ ኬፕለር ደግሞ 2454833 ቀንሶ ነው የሚጽፈው፤ ሁለቱን ሳያስተካክሉ በአንድ ግራፍ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም። የሁለቱም ሰዓት ወደ ፀሐይ ሥርዓት የክብደት ማዕከል የተስተካከለ ስለሆነ መሬት ላይ ከሚለካው እስከ 8 ደቂቃ ከግማሽ ድረስ ይለያያል፤ በዚያ ላይ በዓለም አቀፉ ሰዓትና በማዕከሉ ሰዓት መካከል የ69 ሰከንድ ልዩነት አለ። ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ ከደሴ ያዩትን የብርሃን መቀነስ ከቴስ ጋር የሚያነጻጽሩ ከሆነ እነዚህን ማረም ግድ ነው።

ግራፉን ሲያለሰልሱ ፕላኔቷን ማጥፋት

የኮከብ ብርሃን በኮከቡ ጠባይና በመንኮራኩሩ መንቀጥቀጥ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ግራፉ መስተካከል አለበት። ላይትከርቭ የተባለው የፓይተን መሣሪያ ይህን በአንድ ትእዛዝ ይሠራል፤ ነገር ግን በራሱ የሚመርጠው የማለስለሻ መስኮት (በአንዴ የሚያየው የግራፍ ክፍል) 101 ነጥብ ነው። በ2 ደቂቃ መረጃ ይህ 3 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ብቻ ነው። ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ለማለፍ 3 ሰዓት የምትወስድ ከሆነ መሣሪያው የብርሃኑን መቀነስ ራሱን እንደ ኮከቡ ለውጥ ቆጥሮ ያቃናዋል፤ ጉድጓዱ ይሞላል፣ ፕላኔቷ ትንሽ መስላ ትወጣለች ወይም ጭራሹን ትጠፋለች። መስኮቱ ከሚጠበቀው ማለፊያ ቢያንስ 3 እጥፍ ይሁን፤ ለ3 ሰዓት 9 ሰዓት ማለትም 271 ነጥብ (ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን አለበት)። የማለፊያው ሰዓት ከታወቀ ደግሞ ያን ክፍል ሸፍነው ያለስልሱ።

የቴስ ፋይል ሁለት የብርሃን ዓምድ እንዳለው አይርሱ። አንደኛው ከፒክስሎቹ በቀጥታ የተደመረ ነው፤ ሁለተኛው ከመንኮራኩሩ እንቅስቃሴና ከጎረቤት ኮከቦች ብርሃን የታረመ ነው። ለማለፊያ ፍለጋ ሁለተኛው ይሻላል። የትኛውን እንደተጠቀሙ በሪፖርቱ ላይ ይጻፉ። የጥራት ምልክታቸው ዜሮ ያልሆነ ነጥቦችን መጀመሪያ ይመርምሩ።

ጎረቤቱን ኮከብ መርሳት

የቴስ አንድ ፒክስል 21 አርክ ሰከንድ ነው (አንድ አርክ ሰከንድ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው)፤ ያ ሰፊ ነው፤ በአንድ ፒክስል ውስጥ ብዙ ኮከብ ይገባል። እኩል ብርሃን ያለው ጎረቤት ካለና ብርሃኑ ካልታረመ የመቀነሱ ጥልቀት በግማሽ ያንሳል፣ የፕላኔቷም ራዲየስ በ29 በመቶ ገደማ አንሶ ይሰላል። የባሰው ደግሞ ከዋናው ኮከብ 100 ጊዜ የደበዘዘ ጥንድ ኮከብ በእርስ በርስ መሸፈን ብርሃኑን በግማሽ ሲያጣ ነው፤ በግራፉ ላይ የ0.5 በመቶ ጉድጓድ ያሳያል፣ ፍጹም ፕላኔት ይመስላል። ስለዚህ ኮከቡን በጋያ (የኮከቦችን ቦታና ርቀት በሚለካው የአውሮፓ ቴሌስኮፕ) ዝርዝር ላይ ያውጡና እስከ 1 አርክ ደቂቃ ያሉትን ጎረቤቶች ይቁጠሩ። ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር የያዙትን ማለፊያዎች ጥልቀት ለየብቻ ይለኩ፤ ከተለያዩ ጥንድ ኮከብ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

በ13.7 ቀን ወይም በግማሹ የሚደጋገም ምልክት ካገኙ አይደሰቱ። ቴስ ምድርን የሚዞረው በ13.7 ቀን ነው፤ ከምድርና ከጨረቃ የሚረጨው ብርሃን በዚያው ልክ ይመላለሳል።

ፓራላክስን ገልብጦ ርቀት ማለት

ፓራላክስ ምድር ፀሐይን ስትዞር ኮከቡ በሰማይ ላይ የሚንቀሳቀስ የሚመስልበት ጥቂት ማዕዘን ነው። ርቀት 1 ሲካፈል ለፓራላክስ ነው የሚለው ቀመር የሚሠራው ስህተቱ ከልኬቱ 10 በመቶ ገደማ ሲያንስ ነው። 2 ሚሊ አርክ ሰከንድ ሲደመር ሲቀነስ 0.1 ከሆነ 500 ፓርሴክ (አንዱ 3.26 የብርሃን ዓመት ነው) ማለት ይቻላል። 0.3 ሲደመር ሲቀነስ 0.2 ከሆነ ግን ርቀቱ ከ2,000 እስከ 10,000 ፓርሴክ ሊሆን ይችላል፤ «3,333 ነው» ማለት ውሸት ነው። ከዜሮ በታች የሆኑ ፓራላክሶችን መሰረዝም የቀሩትን ያዛባል። በጋያ ዝርዝር ላይ ሩዌ (RUWE) የተባለው የጥራት ቁጥር ከ1.4 ሲበልጥ ኮከቡ ምናልባት ጥንድ ነውና ርቀቱን በጥንቃቄ ይውሰዱ።

ምስሉ የነገረንን ሁሉ ማመን

የዌብ ምስል ቀለም በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ወደ ቀለም የተለወጠ ነው። በደማቅ ኮከብ ዙሪያ የሚታዩት 6 ረጃጅምና 2 አጫጭር ጨረሮች ከመስተዋቱ ቅርጽና ከድጋፍ ዘንጎቹ የሚመጡ ናቸው፤ የኮከቡ አይደሉም። የፒክስሉ ቁጥር ሜጋጃንስኪ በስቴራዲያን፣ ማለትም በሰማይ ስፋት የተካፈለ ብርሃን፣ ስለሆነ ብርሃን ለማግኘት በፒክስሉ ስፋት ማባዛት ያስፈልጋል፤ ስፋቱ በፋይሉ ራስጌ ላይ ተጽፏል።

ማርስ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ማርስን በሚዞር መንኮራኩር ላይ ያለው የሃይራይዝ ካሜራ ፒክስል 25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ነው፤ ቅርጽን ለመለየት ቢያንስ 3 ፒክስል ስለሚያስፈልግ ከ1 ሜትር ያነሰ ድንጋይ «አየሁ» አይበሉ። ፀሐይዋ ከየት እንዳበራች ካላወቁ ጉድጓዱ ኮረብታ ይመስላል። የኬክሮስ ዓይነትም ይረጋገጥ፦ በማዕከል የሚለካውና በገጽ ላይ የሚለካው ኬክሮስ ማርስ ላይ እስከ 0.34 ዲግሪ ይለያያሉ፤ ይህ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከደሴ ኮምቦልቻ በመኪና ከሚሄዱት ብዙም አያንስም። የአሮጌ ካርታዎች ኬንትሮስ ወደ ምዕራብ ይቆጠራል፣ የዘመኑ ወደ ምሥራቅ።

የአሃድ ስህተት መንኮራኩር እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር ሴፕቴምበር 23 ቀን 1999 የጠፋው የሞተሩ ግፊት በፓውንድ ፎርስ ሰከንድ ተሰልቶ በኒውተን ሰከንድ ስለተነበበ ነው፤ ልዩነቱ 4.45 እጥፍ ነበር።

3 ሲግማን ግኝት ማለት

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2025 ኬ2-18ቢ በምትባል ፕላኔት ዙሪያ ዳይሜቲል ሰልፋይድ (ምድር ላይ በዋናነት ሕያዋን የሚያመነጩት ጋዝ) ሊኖር ይችላል ተብሎ በዌብ መረጃ ታወጀ፤ ጥንካሬው 3 ሲግማ (በዕድል ብቻ የመከሰት ዕድሉ 0.3 በመቶ ገደማ) ነበር። ሌሎች ያንኑ መረጃ በተለየ ሞዴል ሲመረምሩት ምልክቱ አልጸናም። ብዙ ሞዴል ሲሞክሩ አንዱ በዕድል ይገጥማል፤ ስለዚህ ስንት ሞዴል እንደሞከሩ ይግለጹ።

ለወሎ የማይሆን ኮከብ መምረጥ

የቴስን እጩ ፕላኔት ከመሬት ለመከታተል ካሰቡ የወሎ ሰማይ ክረምትም በልግም እንዳለው ያስሉ። ጥሩ ሌሊት በአብዛኛው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ ነው፤ በዚያ ወቅት እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ የሚሉት ራይት አሴንሽናቸው (በሰማይ ላይ እንደ ኬንትሮስ የሚያገለግለው ቁጥር) ከ2 እስከ 8 ሰዓት ያሉ ኮከቦች ናቸው። ከደሴ ኬክሮስ ከአድማስ 30 ዲግሪ በላይ ለመውጣት ዴክሊኔሽኑ (የሰማይ ኬክሮሱ) ከ−49 እስከ +71 ዲግሪ መሆን አለበት። 20 ሴንቲሜትር ቴሌስኮፕ 1 በመቶ የሚሆን መቀነስ ይይዛል፤ 0.1 በመቶው በከባቢ አየሩ መናወጥ ይዋጣል።

የማለፊያውን ሰዓት ሲተነብዩ የፕላኔቷን የዙር ጊዜ ስህተት በዙሮቹ ብዛት ያባዙ። 0.0005 ቀን ስህተት ከ200 ዙር በኋላ 0.1 ቀን ማለትም 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ነው፤ ካሜራውን ከተተነበየው ሰዓት ቢያንስ በዚያ ልክ ቀድመው ያስነሱ፣ ማለፊያው ካበቃ በኋላም በዚያው ልክ ያቆዩት።