ከጓደኝነት ወደ ፍቅር፦ ፈገግ የሚያሰኝ የእንግሊዝ የፍቅር ልብወለድ እንዴት ይጻፋል?

ሁለቱ ጓደኛሞች እንደሚፋቀሩ አንባቢው ገና ሽፋኑን ሲያይ ያውቃል። ገጽ የሚያስገልጠው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህን ሁሉ ዓመት አብረው ሲውሉ ምን ያዛቸው? ለገጸ ባሕርያቱ ስም ከማውጣትዎ በፊት መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «አላስተዋሉም ነበር» መልስ አይሆንም። የሚያጡት ነገር ይኑር። ለንደን ውስጥ ኪራይ ተጋርተው የሚኖሩ ከሆነ፣ ፍቅሩ ቢከሽፍ አንዳቸው ቤት መልቀቃቸው ነው። አብረው ዳቦ ቤት ከከፈቱ ዕዳው የጋራ ነው። በአንድ ስልክ ጥሪ በሚፈታ አለመግባባት ላይ የቆመ ታሪክ ግን መሃል ላይ ይበጠሳል።

ርዝመቱ ከ80,000 እስከ 100,000 ቃል፣ ምዕራፉም 30 ገደማ ይሁን።

ብዙዎች የሚወድቁት ጓደኝነቱ ወደ ፍቅር በሚዞርበት ቦታ ላይ ነው። «ድንገት በሌላ ዓይን አየችው» ብሎ መጻፍ ምንም አያሳይም። ይልቅ አንድ ተራ ልማድ መርጠው ሦስት ጊዜ ይመልሱት፤ በየጊዜው አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ለምሳሌ ሻይ፦ በ3ኛው ምዕራፍ እሷ ስለ ሌላ ወንድ እያወራች እሱ ወተት ጨምሮ ያቀርብላታል። በ14ኛው ለእሷ ቀድቶ የራሱን ይረሳል። በ22ኛው እሷ ቤት ሳትኖር ሁለት ኩባያ ቀድቶ ይገኛል። እዚያ ላይ ማብራሪያ አይጨምሩ።

ሌላው መሣሪያ ሦስተኛ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1815 የታተመው የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የጄን ኦስተን ልብወለድ «ኤማ» 55 ምዕራፎች አሉት። ኤማ የቆየ ወዳጇን ናይትሊን እንደምትወደው የሚገባት በ47ኛው ነው፤ ያውም ጓደኛዋ ሃሪየት የናይትሊን ፍቅር ተስፋ ማድረጓን ስትነግራት። እሱ ፍቅሩን የሚገልጸው በ49ኛው ነው። ቅናቱ ከመረዳቱ ይቀድማል ማለት ነው። ሦስተኛውን ሰው ክፉ አያድርጉት፤ ክፉ ከሆነ ምርጫው ክብደት ያጣል።

ቀልዱ የሚመጣው ስሜትን ከመሸሸግ ነው። እንግሊዛዊ «መጥፎ አይደለም» ሲል ብዙ ጊዜ ማድነቁ ነው። ሊናገሩ ሲሉ ባቡሩ ቢደርስ ወይም መጠጥ የመጋበዝ ተራ ቢመጣ ያስቃል፤ ሦስቴ ከተደገመ ግን ያበሳጫል። በመጨረሻው የፍቅር መግለጫ መሃል ቀልድ አያስገቡ።

በአማርኛ ሲጽፉ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻል። ጓደኛሞቹ ከመጀመሪያው ገጽ አንተ አንቺ ስለሚባባሉ ለውጡ በአጠራር ብዙም አይታይም። «ሆዴ» እና «ዓለሜ» ቀድመው ከገቡ ደግሞ የእንግሊዞቹ ቁጥብነት ይጠፋል። ይልቅ የቀልድ ቅጽል ስም ያውጡላቸው፤ ፍቅሩ በሚገለጽበት ቦታ ብቻ በእውነተኛ ስሟ ይጥራት።

ከዚያ በኋላ አንድ አጭር ምዕራፍ ይበቃል፤ ባልንጀሮቻቸው ሁሉ ቀድመው ማወቃቸው የሚወጣበት።