ደሴቱን ሳይረግጡ ጎጆ ላይ ያሉ ወፎችን መቁጠር

የሻላ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ጥልቅ ገንዳ ውስጥ ተኝቷል፤ ሰው የማይኖርባቸው ትንንሽ ደሴቶቹ ከምንቃሩ ሥር ትልቅ ከረጢት ባለው የውሃ ወፍ፣ በነጭ ፔሊካን መራቢያነት ይታወቃሉ። ወደዚያ ከመውረድዎ በፊት አቃቂ፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ዳር ዓይንዎን ያለማምዱ።

ጠዋት 12፡30 ይድረሱና ፀሐይዋን ከጀርባዎ ያድርጉ። 8 በ42 ባይኖኩላር (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው) ይበቃል፤ ከዚያ ከባድ ሲሆን ክንድ ይዝልና ምስሉ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ 10 ወፍ አንድ በአንድ ይቁጠሩ። አሥሩ የያዙትን ስፋት በዓይንዎ ይያዙና መንጋውን በዚያ ይለኩ። ሦስት ጊዜ ቆጥረው መካከለኛውን ቁጥር ይጻፉ። እንቦጭ በሸፈነው በኩል ወፎቹ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚሰወሩ፣ ያንን ቦታ ለብቻው ይመዝግቡ።

ሻላ ሲደርሱ ከዳር ሆነው ይቁጠሩ፤ በጀልባ ፈጽሞ አይጠጉ። ፔሊካን ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ ነው። ደንግጣ ስትነሣ እንቁላሉ ይንከባለላል፤ ላባ ያላወጣውን ራቁት ጫጩት ደግሞ ፀሐይ ይገድለዋል። ረፋዱ ላይ ሞቃት አየር ሲነሣ ወላጆቹ እየዞሩ ከፍ ብለው ዓሣ ፍለጋ ስለሚሄዱ ቆጠራውን ከ3 ሰዓት በፊት ይጨርሱ። ጎጆ ላይ የተቀመጡት ወፎች በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ቀና ካደረጉ በጣም ቀርበዋል፤ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይመለሱ።