ዛንዚባር፦ ውሃው ሳይመለስ ተመለሱ

በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ አካባቢ፣ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ርቆ ይሸሻል። ባዶውን አሸዋ ያየ ሰው ሳያስበው ርቆ እስካለው ኮራል (የባሕር ውስጥ ድንጋይ መሰል ቋጥኝ) ይሄዳል። ጣጣው መመለሻው ላይ ነው።

ውሃው መጨረሻ ዝቅ የሚልበትን ሰዓት ሆቴላችሁን ጠይቁና ስልካችሁን ለዚያው ሰዓት አላርም ሙሉት። ሲጮህ የትም ብትሆኑ ዞር በሉ። ውሃው ሲመለስ ከፊት ለፊት ብቻ አይመጣም። መጀመሪያ የሚሞላው ጎድጓዳው ነው፤ እሱ ደግሞ ከጀርባችሁ፣ በእናንተና በዳርቻው መካከል ሊሆን ይችላል። የትናንቱን ሰዓት ለዛሬ አትጠቀሙ፤ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል።

ደግሞ ልብ በሉ፦ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው፤ ውሃው የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳየው የታተመ ሰንጠረዥ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 6 ሰዓት ከተሳሳታችሁ ውሃው ጎድሏል ስትሉ ሞልቶ ታገኙታላችሁ።

ጫማ አትርሱ፤ ድንጋዩ ሥር የሚደበቁት ጥቋቁር እሾሃማ የባሕር ፍጥረታት እሾሃቸው እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።

ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ሰሞን ውሃው ይበልጥ ስለሚርቅና ቶሎ ስለሚሞላ አላርሙን ግማሽ ሰዓት ቀደም አድርጉት። ሰሜን፣ ኑንግዊና ኬንድዋ ካረፋችሁ ግን ውሃው ያን ያህል ስለማይሸሽ ይህ ሁሉ ብዙም አያስፈልጋችሁም።