ጎደሬ ስትልጡ እጃችሁን ይበላችኋል?

ከጅማ ገበያ የገዛችሁትን ጎደሬ ጥሬውን አትላጡት። አፈሩን አጥባችሁ ከነልጣጩ ቀቅሉት። ሹካ በቀላሉ ሲገባለት አውጡት፤ በረድ ሲል ልጣጩ በእጅ ይላቀቃል። የሚያሳክከው ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል፣ እንደ መርፌ የሾለ በዓይን የማይታይ ነገር ነው። ጥሬው ሲቆረጥ ወጥቶ ቆዳ ይወጋል። ለወጥ ብላችሁ ጥሬውን መላጥ ግድ ከሆነባችሁ፣ እጃችሁን አድርቁና ዘይት ተቀቡ።

የተቀቀለውን በዳጣ መብላት ይቻላል። እኔ ግን ቆራርጬ በቅቤ እጠብሰውና ሚጥሚጣ እነሰንስበታለሁ፤ ዳር ዳሩ ኩርሽም ሲል ሌላ ነው!

ጉሮሮ ከከረከራችሁ ገና አልበሰለም፤ መልሳችሁ ጣዱት። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ደግሞ ባያበዛው ይሻላል።