መናገሻ ሱባ፦ በጥዱ ጫካ ወደ ፏፏቴው ለሚወርድ ሰው

የመናገሻ ሱባ ጫካ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ነው። በሰበታም በሆለታም በኩል ይገባል። በየትኛውም ብትመጡ የመጨረሻው ክፍል ኮረኮንች ነው፤ ዝናብ ሲመታው ጭቃ ስለሚሆን ዝቅ ያለች የቤት መኪና ሆዷን ትመታለች። በታክሲ የሚመጣ ሰው ከከተማው ወዲያ ያለውን በኮንትራት መያዝ፣ የመመለሻውንም ሰዓት ከሾፌሩ ጋር አስቀድሞ መቁረጥ አለበት። ጫካው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ታክሲ የለም።

ወቅቱን በደንብ ምረጡ። ነሐሴ ላይ ውኃው ያገሳል፣ መንገዱ ግን ሳሙና ነው። የካቲትና መጋቢት መንገዱ ይደርቃል፣ ፏፏቴውም ይቀጥናል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ከሁሉም ይሻላል፤ ዝናቡ አባርቷል፣ ውኃው ግን ገና አልጎደለም።

ከቤት በጠዋቱ 1 ሰዓት ውጡ። ፏፏቴው ጋ ብትደርሱም ባትደርሱም ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፊታችሁን መልሱ። ወደ ፏፏቴ መሄድ መውረድ ነው፣ መመለሱ ደግሞ ዳገት፤ ለመውረድ 1 ሰዓት ከፈጀባችሁ ለመውጣት 1 ሰዓት ተኩል ያዙለት። ጫካው ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ከቆላ የመጣ እንግዳ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። በጥዶቹ ሥር ከ11 ሰዓት በኋላ ውጭ ሳይመሽ ይጨልማል።

ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውኃ ይበቃል። ከወንዙ አትጠጡ፤ ከብት የሚጠጣበት ውኃ አልቅት አያጣውም፣ አልቅት አፍንጫ ወይም ጉሮሮ ውስጥ ከተጣበቀ ደግሞ ሐኪም ቤት ያስኬዳል። ለስንቅ ዳቦ ቆሎና በሶ ከሁሉም ይሻላሉ፣ እሳት አይፈልጉም። እሳት ማንደድ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ። ጫማው ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። በጭቃ ወቅት የገበሬው ቦቲ ከውድ ስኒከር ይበልጣል። ረጅም ሱሪ፣ የዝናብ ልብስ፣ ለኃይል መቋረጥ የለመዳችሁት ባትሪ፣ ዝርዝር ብር። ዱላ ከቤት ይዛችሁ ኑ፤ ወይራ እየቆረጡ መደገፍ ነውር ነው።

በሩ ላይ የመግቢያውን ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ አስጎብኚም ያዙ። ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ወደ ፏፏቴው የሚገነጠለው የትኛው መንገድ እንደሆነና ትናንት ከላይ ዘንቦ እንደሆነ። የሁለተኛው ጥያቄ ምክንያት ከታች ይገባችኋል።

ጫካው የቆየ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘሩን በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ጫካ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጥዱ፣ ዝግባውና ወይራው እንዲህ ሲገጥም ሰማዩ ይጠፋል፤ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል፣ ዕድል ከቀናም ድኩላ ሲሻገር ይታያል። ቀና እያሉ መሄድ ግን ያስወድቃል። ማየት ስትፈልጉ ቁሙ፣ ስትራመዱ መሬት እዩ።

ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ መገንጠያ ላይ ነው። ከብትና እንጨት ለቃሚ የሚመላለስበት መንገድ ከትክክለኛው ሊሰፋ ይችላል። በእያንዳንዱ መገንጠያ ዞር ብላችሁ የመጣችሁበትን ፎቶ አንሱ፤ ሲመለሱ መንገዱ የሚታየው በዚያ በኩል ነውና። የእርጥብ ዛፍ ሥር ጀርባ ላይ አትርገጡ፣ ተሻገሩት። ከመንገዱ ዳር ሳማ አለ። ከነካችሁ አትፈትጉት፤ ፀጉሩ ይበልጥ ይገባል። በውኃ አጥባችሁ ተዉት።

ዋናው አደጋ የመጨረሻዎቹ ጥቂት እርምጃዎች ናቸው። የፏፏቴው ድምፅ ከሸለቆው ግድግዳ ስለሚመለስ ከእውነተኛው ቦታ ሌላ አቅጣጫ የሚመጣ ይመስላል። ድምፁን ተከትሎ ቁጥቋጦ ሰንጥቆ የሚሄድ ሰው የገደሉን ጠርዝ የሚያውቀው ከላዩ ሲቆም ነው፤ ሣርና ቅጠል ይሸፍነዋልና። ስለዚህ ድምፁ በቀረበ ቁጥር መንገዱን አጥብቃችሁ ያዙ። ከላይኛው አፋፍ ሆኖ ወደ ታች ለማየት መጠጋት፣ ለፎቶ ደግሞ ወደ ኋላ መራመድ፣ አይሞከርም።

ከታች ስትደርሱ ጥቁር አረንጓዴ ድንጋይ ላይ አትቁሙ። ሽበት የነካው የሚመስለው ግራጫና ሻካራው ድንጋይ ይይዛል፤ እግርን ሙሉ በሙሉ ጠፍጥፎ ማሳረፍ በተረከዝ ከመምታት ይሻላል። ከሚወርደው ውኃ ሥር አትግቡ፤ ከላይ ጠጠርና እንጨት ይዞ ይመጣል። ወንዙን መሻገር ካስፈለገ ከጉልበት በታች ሲሆን ብቻ፣ የቦርሳውን የወገብ ማሰሪያ ፈትታችሁ፣ ፊታችሁን ውኃው ወደሚመጣበት አዙራችሁ፣ በዱላ እየለካችሁ በጎን ተራመዱ።

ሰማዩ ከላያችሁ ጥርት ቢልም ተራራው ላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ውኃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ ወይም ድምፁ ከወፈረ፣ ጎርፍ እየመጣ ነው። ዕቃ አትሰብስቡ፣ በወንዙ ዳርም አትሩጡ። በጎን ወደ ከፍታው ውጡና ውኃው እስኪጠራ እዚያው ጠብቁ።