በቀይ ስርና በክብሪት የህዋስን ሽፋን እንዴት ማየት ይቻላል

የህዋስ ሽፋን ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ከሰሌዳ ላይ የገለበጥነው ስዕል ነው። ሁለት ረድፍ ክብ ክብ ነገር፣ ጭራ የተንጠለጠለበት፣ ከጎኑ ቀስት። ለፈተና ይሸመደዳል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳል። እኔም እንደዛው ነበር ያለፍኩት። ነገሩ በደንብ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው፣ ያውም ቀይ ስር ስከትፍ። ስለዚህ ዛሬ ያለ ማይክሮስኮፕ፣ ኩሽና ውስጥ ባለ ነገር፣ ሽፋኑ ከምን እንደተሰራና ምን እንደሚሰራ እናያለን። ልጆች ካሏችሁ አብራችሁ ሞክሩት።

የሚያስፈልገው አንድ ቀይ ስር፣ አንድ እንቁላል፣ ትንሽ የምግብ ዘይት፣ ክብሪት፣ ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል፣ ሳሙናና አምስት ግልጽ ብርጭቆዎች ነው። አንድ ቁራጭ ቀይ ስር ከዋዜማው ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩ።

ደረጃ 1፦ ዘይትና ውሃ

ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ላይ ሁለት ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ በደንብ ምቱት። ለአፍታ የተዋሃዱ ይመስላሉ። ብዙም ሳይቆይ ግን ዘይቱ ተሰብስቦ ከላይ ይንሳፈፋል። ዘይት ውሃን ይሸሻል ይባላል፤ እውነቱ ግን ውሃው ነው የሚገፋው። የውሃ ሞለኪውል አንድ ጎኑ ትንሽ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ጎኑ ትንሽ ኔጌቲቭ ስለሆነ ውሃ ከውሃ ጋር አጥብቆ ይያያዛል። ዘይት ደግሞ የሚያዝበት እጀታ የለውም፣ ስለዚህ ተገፍቶ ይወጣል። ይቺን ያዙልኝ፣ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከሷ ነው።

ሊፒድ የምንለው እንዲህ ውሃ ውስጥ የማይሟሟውን የቅባት ቤተሰብ በሙሉ ነው። ዘይት፣ ቅቤ፣ ሰም፣ ኮሌስትሮል ሁሉም እዚህ ይገባሉ።

ደረጃ 2፦ አስኳል ጨምሩበት

የእንቁላሉን አስኳል ለይታችሁ እዛው ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩና እንደገና ምቱ። አሁን ቢጫ፣ ወፈር ያለ ነገር ይሆናል፣ ዘይቱም ቶሎ አይለይም። ዘይቱን በትንንሽ ጠብታ ከፋፍሎ የያዘው አስኳል ውስጥ ያለው ሌሲቲን ነው። ሌሲቲን ደግሞ በአብዛኛው ፎስፎሊፒድ ነው። ፎስፎሊፒድ ውሃ የሚወድ ጭንቅላትና ከውሃ የሚገፉ ሁለት ጭራዎች አሉት። ሰውነታችሁ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ህዋስ የተሸፈነው በዚህ ዓይነት ቅባት ነው።

ደረጃ 3፦ በክብሪት ደርድሩት

ጠረጴዛ ላይ ሁለት የክብሪት እንጨቶችን ጎን ለጎን፣ ጭንቅላታቸውን አገጣጥማችሁ አስተኙ። ይሄ አንድ ፎስፎሊፒድ ነው። ጭንቅላቱ ፎስፌት ያለበት ክፍል ነው፣ እንጨቶቹ ፋቲ አሲድ ናቸው፣ ሁለቱን ያያያዘው ግሊሰሮል ነው። እንዲህ አስር ጥንድ በረድፍ ደርድሩ። ከዛ ሌላ አስር ጥንድ በተቃራኒው አምጥታችሁ እንጨት ለእንጨት ግጠሙት። ጭንቅላቶቹ ከላይና ከታች ወደ ውሃው ዞሩ፣ ጭራዎቹ መሃል ተደበቁ። የህዋስ ሽፋን ማለት ይሄው ነው። ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ያህል ስለሆነ 1 ሚሊሜትር ለመሙላት 200 ሺህ ጊዜ መደረብ አለበት።

አሁን የረድፉን ዳርና ዳር ተመልከቱ። እዛ ጋ እንጨቶቹ ለውሃው ተጋልጠዋል። ውሃው እዛም ስለሚገፋቸው ረድፉ ዞሮ ይገጥምና ኳስ ይሆናል። ሙጫ የለም፣ ሚስማር የለም። በመርፌ ትንሽ ብትወጉት እንኳን መልሶ ይገጥማል፣ ምክንያቱም የተከፈተ ዳር ውሃው ዝም ብሎ አይተውም። እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ሁለት ረድፍ መሆኑን ያገኙት ሆላንዳውያኑ ጎርተርና ግሬንዴል ናቸው፣ በ1925 እ.ኤ.አ.። ከቀይ የደም ህዋስ ቅባቱን አውጥተው ውሃ ላይ ሲዘረጉት ከህዋሶቹ ገጽ ሁለት እጥፍ ሸፈነ። ቀይ የደም ህዋስ የመረጡት ውስጡ ሌላ ሽፋን ስለሌለው ነው። ቅባቱን ሙሉ በሙሉ አላወጡትም ነበር፣ የህዋሱንም ስፋት አሳንሰው ነበር የገመቱት፤ ሁለቱ ስህተት ተጣፋና መልሱ ልክ መጣ።

ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ጨምሩ። የአንዳንዱን ጥንድ አንድ እንጨት ሳይገነጠል ወገቡ ላይ ሰበር አድርጉት። አሁን ጠጋ ጠጋ ብለው አይደረደሩም፣ መሃላቸው ክፍተት ይፈጠራል። ያልተሰበረው ቀጥ ያለ ፋቲ አሲድ ቅቤ ውስጥ የሚበዛው ነው፤ ተጠጋግቶ ስለሚደረደር ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ቅቤው ድርቅ ይላል፣ አዋሽ ሲወርድ ግን ይቀልጣል። የተሰበረው የኑግ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ነው፣ ለዛም ነው ብርድ ላይም የሚፈሰው። ህዋስም ሽፋኑ እንዳይደርቅም እንዳይላላም ሁለቱን ያመጣጥናል። ስሙ ሁሌ በክፉ የሚነሳው ኮሌስትሮል እዚህ ትልቅ ስራ አለው፤ ጭራዎቹ መሃል ገብቶ ሲሞቅ ይይዛቸዋል፣ ሲበርድ እንዳይጣበቁ ያደርጋል።

ደረጃ 4፦ ቀይ ስሩን ቁረጡ

ጥሬውን ቀይ ስር ልጣችሁ እኩል እኩል ቁራጭ አድርጉ፣ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል። ከዛ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ደጋግማችሁ እጠቡት። ይሄን አትዝለሉ። እኔ መጀመሪያ ስሞክር ሳላጥብ ከትቼው ሁሉም ብርጭቆ ቀላና ምንም መለየት አልቻልኩም። ቢላው የቀደዳቸው ህዋሶች ቀለም ነበር የፈሰሰው።

በአራት ብርጭቆ እንዲህ አስቀምጡ፦ አንዱን ቀዝቃዛ ውሃ፣ አንዱን አሁን የፈላ ውሃ፣ አንዱን አልኮል ውስጥ (ከእሳት አርቁት)፣ በፍሪዘር ያደረውን ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ። 20 ደቂቃ ጠብቁ።

የመጀመሪያው ብርጭቆ ውሃ ያው ውሃ ነው፣ ቢበዛ ፈዘዝ ያለ ሮዝ። ሌሎቹ ሦስቱ ይቀላሉ። በዓይን የምታዩት የሽፋኑን መፍረስ ነው። ቀለሙ ህዋሱ ውስጥ ባለ ከረጢት ተቀምጧል፤ ለመውጣት የከረጢቱንና የህዋሱን፣ ሁለት ሽፋን ማለፍ አለበት። ሙቀቱ ቅባቱን ያላላዋል፣ ሽፋኑ ውስጥ የተሰኩትን ፕሮቲኖችም ያበላሻቸዋል። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ቢሆንም ከበቂ በላይ ነው። አልኮሉ ቅባቱ መሃል ገብቶ ይበትነዋል። በረዶው ደግሞ ስለታም ሆኖ ይቀድደዋል፤ ፍሪዘር ገብቶ የወጣ ቲማቲም የሚልፈሰፈሰው በዚሁ ነው።

የበለጠ የሚያስደንቀው ግን ያልቀላው ብርጭቆ ነው። ቀጭኑ ቅባት ቀለሙን አፍኖ ይዞ ኦክስጅንን ያሳልፋል። ስኳር፣ ሶዲየምና ፖታሲየም በቅባቱ ማለፍ ስለማይችሉ የየራሳቸው የፕሮቲን በር አላቸው። ውሃ እንኳን የራሱ በር አለው፤ ያንን ያገኘው አሜሪካዊው ፒተር አግሬ በ2003 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። ኩላሊታችን በየቀኑ ያን ሁሉ ውሃ መልሶ የሚይዘው በነዚህ በሮች ነው።

ደረጃ 5፦ ዕቃውን እጠቡ

የዘይቱን ብርጭቆ መጀመሪያ በውሃ ብቻ ሞክሩት፣ እምቢ ይላል። ሳሙና ሲነካው ወዲያው ይለቃል። ሳሙናም ውሃ የሚወድ ጭንቅላት አለው፣ ጭራው ግን አንድ ነው። በዛች አንድ ጭራ ቅባት መሃል ሰርጎ ገብቶ ይፈታዋል። ኮሮና ቫይረስም የለበሰው ከወረረው ህዋስ የወሰደውን የቅባት ሽፋን ስለሆነ ሳሙና ሲያገኘው ይፈርሳል። እንደ ፖሊዮና ሮታ ያሉት ግን የቅባት ሽፋን የላቸውም፣ ሳሙናው እንዲህ በቀላሉ አይበትናቸውም። እነሱን የሚያስወጣቸው መታሸቱና የሚወርደው ውሃ ነው፤ ስለዚህ ብርጭቆዎቹን ስትጨርሱ እጃችሁንም ጣት ለጣት፣ ጥፍር ስር ሳትረሱ፣ ቢያንስ 20 ሰከንድ እሹት።