የኅብረት ማዕድ እንዴት ይዘጋጃል?

ክርስቲያኖች አብረው መመገባቸው ከአምልኮ በኋላ የሚከተል መስተንግዶ ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሕይወታቸው አካል ነበር። በሐዋርያት ሥራ 2፥46 እንደተጻፈው፣ የመጀመሪያዎቹ አማኞች በየቤቱ ኅብስት እየቆረሱ በደስታና በቅን ልብ ይመገቡ ነበር። በምዕራፍ 6 ደግሞ፣ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለታዊው የምግብ አገልግሎት ተዘንግተዋል የሚል ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ፣ ሐዋርያት ጉዳዩን ሳይንቁ በመንፈስ ቅዱስና በጥበብ የተሞሉ 7 ሰዎች እንዲመረጡለት አደረጉ። ስለዚህ ማዕድ ለማሰናዳት የተነሣ ኅብረት፣ ምን እንደሚበስል ከመነጋገሩ በፊት፣ ማን ሊዘነጋ እንደሚችል ቢነጋገር መልካም ነው።

ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን የገሠጻቸው በዚሁ ምክንያት ነበር። አስቀድመው የደረሱት የየራሳቸውን ስለሚበሉ አንዱ ይራብ፣ ሌላው ይሰክር ነበር፤ እርሱም ለመብላት ስትሰበሰቡ እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ አላቸው (1ኛ ቆሮንቶስ 11፥33)። ይህን ምክር በአንድ ምሽት ከገጠመኝ ነገር በኋላ በተለየ ሁኔታ አነበዋለሁ። ከሥራ ዘግይቶ የመጣ አንድ ወንድም በር ላይ ቆሞ የድስቱን ክዳን ከፍ አደረገና፣ የቀረው ከሥር የያዘው ብቻ መሆኑን ሲያይ ቀስ ብሎ መልሶ ከደነው፤ ከዚያም «በልቼ ነው የመጣሁት» አለ። እንዳልበላ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘግይተው የሚመጡትን ሰዎች ድርሻ ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት ለይቶ ማስቀመጥ የማይታለፍ ሥርዓት ሊሆን ይገባል እላለሁ፤ ቢቻል ግን የመመገቢያው ሰዓት ራሱ በሥራ የሚደክመው ሰው በሚደርስበት ጊዜ ይወሰን።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ አንድ ወግ ሁሉንም የሚያዳርሰው ከ8 እስከ 12 ሰዎች በአንድ ገበታ ሲቀመጡ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆኑ ገበታውን መክፈል ይሻላል። የሚበስለው ከመወሰኑ በፊት ማን በጾም ላይ እንዳለ፣ ማን ስኳር ወይም ጨው እንደተከለከለ፣ ለማን የትኛው ምግብ እንደማይስማማው በግል መጠየቅ ያስፈልጋል። በጉባኤ ፊት ከተጠየቀ ብዙ ሰው አፍሮ ዝም ይላል። ሮሜ 14 የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ የሚያዝዝ ስለሆነ፣ ጾመኛውም ሆነ ሕመምተኛው ምንም ማብራሪያ ሳይሰጥ የሚበላው እንዲያገኝ ሆኖ ይዘጋጅ።

መዋጮ ስም ተጽፎበት የሚነበብ አይሁን። አቅም የሌለው ሰው ግን ምንም እንዳያመጣ መከልከሉም ይጎዳዋል፤ ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ መሆን ይከብዳልና። ውኃ ማቅረብ፣ ወንበር ማሰለፍ ወይም ማዕዱን በጸሎት መክፈት የእርሱ ድርሻ ሊሆን ይችላል። የንጽሕናው ነገር አጭር ነው፦ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ የበሰለው ከጥሬው ይለይ፣ የበሰለ ምግብም በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓታት በላይ አይቆይ።

በገበታው ላይ የሚሆነውን ለማቀድ፣ የሰሜን አፍሪካው ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱሊያን በ2ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ስለ ክርስቲያኖች የፍቅር ማዕድ የጻፈው እስከ ዛሬ ይረዳል። አስቀድመው ይጸልያሉ፤ ለረኀባቸው የሚበቃውን ያህል ይበላሉ፤ ሲነጋገሩም እግዚአብሔር እንደሚሰማቸው እያወቁ ነው፤ እጃቸውን ታጥበው መብራት ከበራ በኋላ እያንዳንዱ ከቅዱሳት መጻሕፍት ወይም ከራሱ ልብ ለእግዚአብሔር እንዲዘምር ይጋበዛል፤ በጸሎትም ይፈጽማሉ። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው ጥቂት ነው። ምግቡ እየቀዘቀዘ የመክፈቻው ጸሎት አይርዘም። አጭር ንባብ ተነቦ አንድ ጥያቄ ብቻ ይቅረብ፤ ለምሳሌ ወደ ኤማሁስ ይሄዱ የነበሩት ሁለቱ ደቀ መዛሙርት (ሉቃስ 24) ከሞት የተነሣውን ጌታ በመንገድ ሳይሆን ኅብስቱን ሲቆርስ ያወቁት ለምን ይመስላችኋል ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ያበሰሉትም እንደ ሌላው ይቀመጡ፤ ሲያስተናግዱ ቆመው የሚያመሹ ሰዎች ካሉ ማዕዱ ገና የጋራ አልሆነም።

ይህ ማዕድ ከቅዱስ ቁርባን የተለየ መሆኑም ለሁሉም፣ በተለይም ለእንግዶች፣ በግልጽ ይነገር። ቁርባን በየቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት የሚፈጸም ሲሆን፣ በዚህኛው ገበታ ግን ያልተጠመቀውም ጎረቤት ያለ ሥጋት ሊቀመጥ ይችላል።

በሕመም ወይም በእርጅና ምክንያት ያልመጣ ሰው ካለ፣ ድርሻው የሚላክለት ሌላው ከመጀመሩ በፊት ተቀንሶ እንጂ ከትራፊው አይሁን። ሁለት ሰዎች አስቀድመው ደውለው፣ የራሳቸውንም ድርሻ ሳይበሉ ይዘው ይሂዱ፤ ሳህኑን በር ላይ አስረክበው ከመመለስ ይልቅ አልጋው አጠገብ ወንበር ስበው ከእርሱ ጋር አብረው ይብሉ።